ከኮምፒውተሩ በፊት ገመዱ፤ ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የመረጃ ንድፍ

በጎጃም ደጋ «መሬትዎ ስንት ነው?» ተብለው የሚጠየቁ አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሱት በጥማድ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን ውሎ አርሶ የሚጨርሰው መሬት ነው። መለኪያው ብልሃት የተሞላበት ነው፤ የአፈሩን ክብደት፣ የዳገቱን አስቸጋሪነትና የበሬውን ጉልበት በአንድ ቃል አጠቃሎ ይይዛልና። ይሁን እንጂ በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ባለ ቀበሌ የሚነገረው ጥማድና በማቻከል ሜዳ የሚነገረው ጥማድ በስፋት እኩል አይሆኑም። በአንድ መንደር ውስጥ እስካለን ድረስ ይህ ልዩነት ማንንም አይጎዳም፤ ሁሉም የሚያርሰው አንድ ዓይነት አፈር ነው። ችግሩ የሚፈጠረው የሁለቱን ቀበሌዎች ጥማድ ደምረን በአንድ መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ልንጽፍ ስንነሣ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ስለ ግብርና ልንጽፍ ፈልገን አይደለም። ዛሬ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በሰፊው የሚታየው ችግር ከዚሁ ከጥማድ ችግር የተለየ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኮምፒውተር ይገዛል፤ እያንዳንዱ ክፍል መረጃውን በራሱ መንገድ ይመዘግባል፤ ሁሉም በየቤቱ ትክክል ነው። መረጃዎቹ በአንድነት ሲፈለጉ ግን አይገናኙም። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የጋራ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ንድፍ ሊኖረው ይገባል፤ ንድፉም መጀመር ያለበት ከማሽኑ ሳይሆን ከቃላት ትርጉም ነው። ለማስረጃነት የመረጥነው የገጠር መሬት አስተዳደርን ነው፤ ምክንያቱም በምሥራቅ ጎጃም መሬትን ያህል የሰውን ኑሮ የሚነካ መዝገብ የለም።

ንድፍ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይና ቆርቆሮ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ «በሩ በየት ይሁን?» ብሎ አይጠይቅም። የመረጃ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ጆን ዛክማን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ የድርጅቶችን የመረጃ ሥርዓት ከሕንፃ ንድፍ ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ባለቤቱ፣ ንድፍ አውጪውና ግንበኛው አንዱን ቤት በተለያየ ዓይን ያዩታል፤ ሁሉም ግን ስለ አንድ ቤት ሊነጋገሩ ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ንድፍ እንዲኖራቸው እስከ ማዘዝ ደርሷል።

በቀላል አነጋገር ንድፉ አራት እርከኖች አሉት። የመጀመሪያው ሥራው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለማን ምን አገልግሎት ይሰጣል? ሁለተኛው መረጃው ነው፤ ለዚህ ሥራ ምን መታወቅ አለበት፣ እያንዳንዱስ ቃል ምን ማለት ነው? ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ነው። አራተኛው ኮምፒውተሩ፣ የመረጃ ቋቱ የሚቀመጥበት ሰርቨርና ኔትወርኩ ናቸው። በአገራችን የተለመደው አካሄድ ከአራተኛው ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። ዕቃው ይገዛል፤ ከዚያ ምን እንደሚሠራበት ይታሰባል። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው።

መዝገቡ የመጣበት መንገድ

እንደሚታወቀው በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓመታት (ዓ.ም.) አጋማሽ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት አካባቢዎች አንዱ ምሥራቅ ጎጃም፣ ሌላው ደቡብ ወሎ ነበሩ። በዚያ በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ መሬቱ ካርታ አልነበረውም። ስፋቱ በገመድ እየተለካ፣ ወሰኑ በአዋሳኞች ስም እየተገለጸ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ ተብሎ በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ተመዝግቦ የሁለቱም ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ይሰጣቸው ነበር። ይህ ለሴቶች እኅቶቻችንና እናቶቻችን መብት ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም።

የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ የተባለው ቀጥሎ መጣ። በዚህኛው እያንዳንዱ ማሳ በአየር ወይም በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ወይም በመለኪያ መሣሪያ ወሰኑ ተለይቶ ካርታ ይወጣለታል። ይህንንም መረጃ ለመያዝ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ለምቷል። ሥርዓቱ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣውና 19152 የሚል ቁጥር በተሰጠው የመሬት አስተዳደር ሞዴል ላይ ነው። የሞዴሉ ዋና ሐሳብ ማንም ሊረዳው የሚችል ነው፦ ባለመብት፣ መብትና ይዞታ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውዬው ቢሞት ማሳው አይሞትም፤ ማሳው ቢከራይ የባለይዞታው መብት አይጠፋም። ሦስቱን በአንድ መስመር ላይ ደባልቆ የሚጽፍ መዝገብ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ሦስቱንም ያበላሻል። ለይቶ የሚጽፍ መዝገብ ግን የተለወጠውን ብቻ ይለውጣል።

ይህ መልካም መሠረት ነው። ነገር ግን ሞዴል ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ሞዴሉ ውስጥ «ስም» ተብሎ የተተወውን ባዶ ቦታ የምንሞላው እኛው ነን።

ሦስት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች

አንደኛው ስም ነው። በአማርኛ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በጎጃም ታሪክ ስማቸው የሚነሣውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል፤ 2 ምርጫ። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ 6 ምርጫ። «እንቁ» በአልፍ ወይም በዐይን ይጻፋል፤ 2 ምርጫ። በ«ሥላሴ» ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላት እያንዳንዳቸው በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጻፉ ይችላሉ፤ 2 ጊዜ 2። በመጨረሻም «እንቁ ሥላሴ» ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ይጻፋል፤ 2 ምርጫ። ይህን በሒሳብ ክፍል እንደተማርነው ብናባዛው 2 × 6 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ አነባበብ፣ 192 አጻጻፍ! ለሰው ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን 192 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ባለቤታቸው የሞቱባቸውን አንዲት እናት እናስብ። ስማቸው በይዞታ ደብተሩ ላይ «ፀሐይ»፣ በፍርድ ቤቱ የውርስ ውሳኔ ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው በኮምፒውተሩ ፈልጎ «የሉም» ይላቸዋል። እናታችን ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው የመጡበትን መንገድ ይመለሳሉ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ የጸሐፊውም አይደለም። «ሲፈለግ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠሩ» የሚል አንድ ደንብ ከመነሻው ባለመጻፉ የመጣ ጥፋት ነው። ልብ ይባል፤ የምንለው የሰው ስም አጻጻፍ ይለወጥ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ፍለጋው ግን በድምፅ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን ነው። በውጭ አገር አቆጣጠር የተሠራ ሶፍትዌር ላይ ጥቅምት 30 ቀንን «30/2» ብለን ብንጽፍ የካቲት (ፌብሩዋሪ) 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንንም አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅምና። ይህ የከፋው ስሕተት አይደለም፤ ቢያንስ ማሽኑ ጮኾ ይነግረናል። የከፋው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2010 ዓ.ም.ን «5/4/2010» ብለን ብንጽፍ ኮምፒውተሩ ኤፕሪል 5 ቀን 2010 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2017 ነበር። በዚህ ስሕተት አንድ ሕፃን ወራሽ በመዝገብ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ሊያረጅ ይችላል። ሞግዚት የሚያስፈልገው ልጅ አካለ መጠን እንደደረሰ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቦታ ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት መነሻው በሱዳን በሆነው አዲንዳን በተባለ የልኬት መሠረት ላይ ነው። በሳተላይት የሚሠሩት የዛሬ መሣሪያዎች ግን ሌላ ዓለም አቀፍ መሠረት ይጠቀማሉ። የአንዲት ነጥብ የምሥራቅና የሰሜን ቁጥሮች በሁለቱ ሥርዓቶች ሲጻፉ ልዩነታቸው 200 ሜትር ያህል ይደርሳል። አንድ ሄክታር ማለት በየጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ነው። በመሆኑም ቁጥሩ በየትኛው መሠረት እንደተለካ ያልጻፈ መዝገብ የአንዱን ማሳ ከጎረቤቱ አሳልፎ ከሌላ ሰው ማሳ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። የማሳው መለያ ቁጥርም እንዲሁ ደንብ ያስፈልገዋል። አባት ማሳቸውን ለሦስት ልጆች ቢያካፍሉ አሮጌው ቁጥር ተዘግቶ ሦስት አዳዲስ ቁጥሮች ሊሰጡ፣ እናታቸውም የትኛው ቁጥር እንደነበረች ሊጻፍ ይገባል። አሮጌውን ቁጥር ለአንደኛው ልጅ መልሶ መስጠት የነገ ክርክር መዝራት ነው።

ስለ ፊደል አንድ ታሪክ እንጨምር። ከዩኒኮድ በፊት በመሥሪያ ቤቶቻችን የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የጋራ ቁጥር አገኘ። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ለማንበብ ግን መቀየሪያ መፈለግ ግድ ሆነ። አንድ ደንብ በወቅቱ አለመኖሩ ዋጋው ስንት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ምሳሌ የለንም።

ስንት ድልድይ እንሥራ?

የመሬት መሥሪያ ቤት ብቻውን አይሠራም። ፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔ ይልክለታል። የገቢ መሥሪያ ቤት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ለማስላት ስፋቱን ይጠይቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ ስለሚፈቅድ አበዳሪ ተቋማትም ይጠይቁታል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይይዛል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቁጥር ይሰጣል። ግብርናውንና ከተሞችን ጨምረን 8 ተቋማት ቢሆኑ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በየራሱ መንገድ ቢገናኝ 8 × 7 ÷ 2 = 28 የተለያዩ መገናኛዎች ያስፈልጋሉ። 20 ቢሆኑ 190 ይደርሳሉ። አንድ የጋራ የመለዋወጫ ደንብ ካለ ግን እያንዳንዱ አንድ በር ብቻ ይከፍታል፤ ለ8 ተቋም 8፣ ለ20 ተቋም 20።

ኢስቶኒያ የተባለችው ትንሽ የአውሮፓ አገር ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ በዚህ መንገድ ትሠራለች። መዝገቦቿን በአንድ ግዙፍ ቋት አላከማቸችም፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ይይዛል፤ መለዋወጫው መንገድ ግን አንድ ነው። ማን ምን እንደጠየቀም ይመዘገባል፤ ዜጋው መረጃውን ማን እንዳየበት መመልከት ይችላል። በተቃራኒው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የጤና አገልግሎቷን ሁሉ ከላይ በታዘዘ አንድ ሥርዓት ለመጠቅለል ተነሥታ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ካፈሰሰች በኋላ በ2011 ፕሮግራሙን ማፍረሷን አስታወቀች። ሐኪሞቹና ሆስፒታሎቹ በሚገባ ሳይመከሩበት የወጣ ሥርዓት ስለነበር ብዙዎቹ አልተቀበሉትም።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ደረጃ ማውጣት ማለት ሁሉንም ነገር አንድ ማድረግ ማለት አይደለም። መጋጠሚያው ላይ ጠበቅ፣ ውስጡ ላይ ላላ ማለት ነው። የስናን ወረዳ ባለሙያ ሥራውን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ከአዲስ አበባ ሊታዘዝ አይገባም፤ ወደ ውጭ የሚልከው ስም፣ ቀንና የማሳ ቁጥር ግን በጋራው ደንብ ሊጻፍ ይገባል።

መዝገብና እምነት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቴክኒክ ነው። በጎጃም ግን ስለ መሬት መዝገብ ተናግሮ ስለ እምነት አለመናገር አይቻልም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ተነሥቶ መቃወሙ በታሪክ ይታወቃል። ተቃውሞው በአስተዳደሩ ላይ የነበረውን ምሬት ጨምሮ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ከዋናዎቹ አንዱ ግን መሬታችን ተለክቶ ከተመዘገበ ርስታችን ይወሰዳል የሚል ሥጋት ነበር። በመጨረሻም ግብሩ በጎጃም ሳይተገበር ቀረ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩም ከቦታቸው ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወቅት ደግሞ «ቢሮክራት» ተብለው የተመደቡ አርሶ አደሮች ከሌሎቹ ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደርጓል።

ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በመረጃ ሳይንስ ዓይን ስናየው በመዝገብ ላይ ያለች አንዲት ዓምድ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ልትወስን እንደምትችል ስለሚያሳየን ነው። ያቺን ዓምድ ማን ሞላት? በምን ማስረጃ? ተመዝጋቢው ማየት ይችል ነበርን? ስሕተት ቢኖር ለማን ይቤቱታል? እነዚህ ጥያቄዎች ሶፍትዌሩ ካለቀ በኋላ የሚለጠፉ አይደሉም፤ የንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍሩ ናቸው። እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ እንዳደረገው ሊመዘገብና ሊሰረዝ የማይችል መሆን አለበት። ባለይዞታው የራሱን መዝገብ በሚገባው ቋንቋ የማየትና ቅጂ የማግኘት መብት ሊኖረው ይገባል። ለሥራው የማያስፈልግ ዓምድ ደግሞ ከነጭራሹ አይከፈት። ያልተሰበሰበ መረጃ በማንም ላይ ጉዳት አያደርስም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ንድፍ ስናወጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሕዝቡ ዛሬ አገልግሎት ይፈልጋል» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጡ ጥራዞች ሞልተዋልና። መልሳችን ንድፉ ወፍራም መጽሐፍ እንዲሆን አንጠይቅም የሚል ነው። የስም፣ የቀን፣ የቦታና የመለያ ቁጥር ደንብ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥም አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የሰውን ማንነት መታወቂያው፣ ሞቱን የወሳኝ ኩነት ምዝገባው፣ ማሳውን የመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ ውሳኔውን ፍርድ ቤቱ ይይዛል፤ ሌላው ይጠይቃል እንጂ በራሱ እጅ እየገለበጠ አይጽፍም። ይህ በመጀመሪያ በአንድ ወረዳ ይሞከር፤ ከተማረበት በኋላ ይስፋፋ።

«ኔትወርክና መብራት በሌለበት ስለ ንድፍ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። እኛ ደግሞ ንድፍ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው እንላለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባብያን አይረሱትም። አገልግሎቱን ሁሉ በአዲስ አበባ ሰርቨር ላይ የሰቀለ ሥርዓት መስመሩ በተቋረጠ ዕለት ይቆማል። በወረዳው ራሱን ችሎ የሚሠራና መስመሩ ሲመለስ ለውጡን ብቻ የሚልክ ሥርዓት ግን ይቀጥላል። ሁለት ቢሮዎች በመቋረጡ ጊዜ አንዱን መዝገብ ቢለውጡ የማን ይጸናል? መልሱ ከላይ ባልነው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የባለቤቱ።

ሦስተኛውና የምናከብረው ሥጋት መረጃው በአንድ ሲያያዝ መንግሥት ስለ ዜጋው ከልክ በላይ ያውቃል የሚለው ነው። ይህን ሥጋት ቴክኒክ ብቻውን አያስወግደውም፤ ሕግና ነጻ ፍርድ ቤት ይፈልጋል። ሆኖም መዝገቦች ተለያይተው የሚቀመጡበትና እያንዳንዱ ጥያቄ አሻራ የሚተውበት ንድፍ ሁሉም በአንድ ቋት ከተከመረበት የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

ለተማሪዎቻችን

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ተማሪዎች፣ ነገ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የምትቀጠሩት እናንተ ናችሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ምን ብሎ እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚወጣ ቢያይ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይማራል። የሒሳብ ተማሪ 192ቱን አጻጻፍ ወደ አንድ የሚያጠቃልል ቀመር ቢያወጣ፣ የቋንቋ ተማሪ ደንቡን ቢያርመው፣ የሕግ ተማሪ የዜጋውን የማየት መብት ቢያረቅ ንድፉ ከዚህ ይጀምራል። ለዚህ የውጭ ብድርም ጨረታም አያስፈልግም።

አባቶቻችን መሬት ለመለካት ሲወጡ አስቀድመው የሚስማሙት በገመዱ ርዝመት ላይ ነበር። ገመዱ አጭር ነው ረዥም ነው የሚለው ክርክር ከልኬቱ በፊት ካላለቀ ከልኬቱ በኋላ አያልቅም፤ በጎረቤታሞች መካከል ለትውልድ ይተርፋል። ኮምፒውተሩ ልኬቱን ያፋጥነዋል እንጂ በገመዱ ላይ ሊስማማልን አይችልም። እርሱ የእኛ ሥራ ነው፤ መሠራት ያለበትም ከማሽኑ በፊት ነው።